ደም አንሶሃል

የልብስ ሰፊውን የምርመራ ውጤት የተቀበለችው ልጁ ናት። እሱ የሚሰፋው የሠርግ ልብስ ቀኑ ደርሶበት ስለነበር «አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፣ ሄደሽ አምጪልኝ» ብሎ ላካት። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን ነገራት። መድኃኒት ጻፈ፤ ጣፋጭ እንዲተው፣ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል በየቀኑ እንዲያየው፣ በሳምንቱም ራሱ እንዲመጣ አዘዘ።

አክስቷ በር ላይ ጠብቃ ሰማቻት። «እንዳትነግሪው!» አለች። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ የሚናዘዝ ሰው ነው። ስኳር አለብህ ካልሽው በሽታው ሳይደርስበት ስሙ ይገድለዋል። እኛው በዘዴ እንይዘዋለን።»

ዘዴ! እዚህ ቤት ሰው የሚጎዳው ሁሌም በዘዴ ነው። ልጅቷም ገብታ «ደም አንሶሃል፣ አባዬ» አለችው። እንክብሉንም ደም ይሞላል ብላ ሰጠችው። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ምን ብላ እንደምትወስደው ስታስብ ቀኑ አለፈ።

ቤት ውስጥ ነገሩ የሠራ መሰላት። ሳህኑ ላይ ጎመኑ በዛ፤ ነጩ ዳቦ ቀርቶ ጥቁሩ መጣ። «የቀረችኝን ጥርስም በዚህ ልትጨርሻት ነው?» ብሎ ቀለደባት፤ ግን በላው። እሷም እፎይ አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይሄ ምስኪን ግን ምኑን ይደብቅ? የነገሩትን አምኖ፣ ልብስ ሊለካ ለመጣ ሁሉ «ደም አንሶኛል» አለ። ሰው ደግሞ ለሕክምና ምክር አይሰንፍም። አንዷ ቴምር አመጣችለት፤ ሌላው ማር በጠርሙስ። ጎረቤቱ ጭማቂ ሻጭ በየጠዋቱ ትልቅ ብርጭቆ የወይን ጭማቂ ይዞ እየገባ «ለደም ነው፣ ጨልጠው!» ይለዋል።

ልጅቷ የማሩን ጠርሙስ ሱቁ ውስጥ ከጨርቁ ሥር ስታገኘው ፊቷ ነደደ።

«አባዬ፣ ማር አታብዛ።»

«ለምን?»

«ያው... ያቃጥልሃል» አለች። እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ከተናገረች ውሸቷንም አብራ ልትናገር ነው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነጋታውም እንደዚያው አለች። ምሳ ቀርቦላት መብላት አቃታት። ራሷን ጠላች።

አንድ ቀን ምሳውን ይዛ ሱቁ ሄደች። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። ነጩ ካልሲ ተረከዙ ላይ ቀልቷል።

«እግርህ!» ብላ ጎንበስ አለች። ስፒል ካልሲውን አልፎ ተረከዙ ውስጥ እስከ ራሱ ገብቷል።

«ምን ሆነ?» አላት፤ መኪናውን እንኳ አላቆመም። ምንም አልተሰማውም። ዝቅ ብሎ ሲያየው ግን ሳቀ። «ይኸው ደም! አንሷል ያልሽው ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

እሷ መሳቅ አልቻለችም። እግሩን በሁለት እጇ እንደያዘች «ደም አላነሰህም» አለችው። «ስኳር ነው ያለብህ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ዋሸሁህ።»

አክስቷ እንደፈራችው አልወደቀም፤ አልጮኸምም። መኪናውን አቁሞ አያት።

«ማሩ ክፉ ነበር?»

«አዎ።»

«ጭማቂውስ?»

«እሱም። ተነስ አባዬ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ጫማውን አቀረበችለት። እግሩን እያስገባ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ በተሻላት ነበር።

«እኔ እኮ ጣፋጭ ድሮም አልወድም። ያን ቀን ውጤቱን ይዘሽ ስትገቢ ዓይንሽ በለቅሶ አብጦ ነበር። ደሜ ቶሎ ሞልቶ እንድታርፊ ብዬ ነው ማሩንም ጭማቂውንም በግድ የዋጥኩት።»