ባዶ መኪና አይንቀጠቀጥም

ሃዊ ጃርሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ቁርስ ቀርቦላት ትነሳለች፤ ተነስታ የምትሄድበትን አታውቀውም፤ ደግሞ ትመለሳለች። ያስነሳት የአባቷ መኪና ነው። ኦቦ ጃርሶ ከአምቦ ሸነን ሰው የሚያመላልሱበት አሮጌ ላንድክሩዘር ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዱ ጭቃ ላይ እየተቀመጠ ቢያስቸግራቸው፣ ከፍ እንድታደርገው ለልጃቸው ሰጧት። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። አራት ጣት ከፍ አደረገችው። ጭቃውስ ተሻለ፤ ግን ሌላ ጣጣ መጣ።

«ስልሳ ሲገባ ከሥር እየጮኸ ይንቀጠቀጣል» አሉ ኦቦ ጃርሶ።

ሃዊ ቁልፉን ተቀብላ ነዳችው። አምቦን ወጥታ በአስፋልቱ እስከ ሰማንያ ሰጠችው፤ ምንም የለም። ሥሩ ገብታ ለካች። ከካምቢዮው ተነስቶ ኋላ ዲፈረንሻል የሚገባው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ በሁለቱም ጫፉ እኩል ማጋደል አለበት። አንዱ ጫፍ ካዳላ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆይ ደግሞ መጋጠሚያው ክሮቼራ ይሰበርና ዘንጉ መንገድ ላይ ይወድቃል። መኪናው ከፍ ሲል ይሄ እንደሚመጣ አውቃ ነው ኋላውን በሚሸከመው ሞላ፣ በባሌስትራው፣ ሥር የብረት ሽብልቅ አስገብታ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና ያደረገችው። ሦስቴ ለካች፤ ሦስቴም እኩል ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቁጥሯን ደብተር ላይ ጽፋ ሙጭጭ አለች።

«አባዬ፣ ጆሮዎ እንዳይሆን» አለቻቸው በመጨረሻ።

ይህን ማለት አልነበረባትም። ኦቦ ጃርሶ ሦስት ቀን አኮረፏት፤ ሐሙስ ጠዋት መነኸሪያ ቆመው ሰው ሲያስጭኑ ግን ተናገሩ።

«ዛሬ የመጨረሻ ነው። ነገ ጉደር ወስጄ የሌታ ጋራዥ አስገባዋለሁ።»

የገዛ አባቷ መኪናውን ከእጇ ነጥቀው ለሌላ ከሰጡ በኋላ አምቦ ውስጥ ማን ቁልፍ ያቀብላታል? ሃዊ መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንግዲያው ዛሬ አብሬ እሄዳለሁ» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ከኋላ ተሳፈረች። እሳቸው ደስ አላላቸውም፤ ግን መሪያቸውን ያዙ።

ከኋላ አሥራ አራት ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ተቀምጧል። ከጎኗ ያሉት አዴ ወርቅቱ የሸነን ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው የሚሸጡትን ብርጭቆ በካርቶን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከተማው አልቆ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ብርጭቆዎቹ ቀስ ብለው መንጫጫት ጀመሩ። ቀጥሎ የሃዊ ጫማ ሥር ብረቱ ተንዘረዘረ። አባቷ አልዋሹም፤ ጆሯቸውም ደህና ነው።

«ማሊ፣ ምን ሆንሽ፣ ፈራሽ እንዴ?» አሏት አዴ ወርቅቱ። «ልመጂው የኔ ልጅ። ያ የአዲስ አበባው መካኒክ ካበላሸው ወዲህ እንዲህ ሆኗል።»

«የቱ የአዲስ አበባ መካኒክ?»

«ኦቦ ጃርሶ ያሠሩት ነዋ። ራሳቸው ናቸው የነገሩን።»

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። እዚህ ግን የካደው ልጅ ሳይሆን አባት ነው። ሃዊ የቱ ይበልጥ እንዳመማት አላወቀችም፤ የእግሯ ሥር መንዘርዘር ወይስ የሰማችው ነገር። ስታስበው የእሷ ልኬትም የአባቷ አቤቱታም ሁለቱም እውነት ናቸው። ልኬቱን የተማረችው በስልኳ ካየችው ቪዲዮ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ፈረንጅ ደግሞ ከውሻው ጋር ብቻውን ነው በረሃ ለበረሃ የሚነዳው። የሸነን መኪና ሳይሞላ መቼ ተነስቶ ያውቃል? ይሄ ሁሉ ሰው ሲጫንበት ኋላው ይተኛል፤ ካምቢዮው አብሮ ያጋድላል፤ እኩል ያደረገችው ሁሉ ይፈርሳል። እሷ የለካችው ጋራዥ ውስጥ የቆመውን ባዶ መኪና ነው።

«ወራጅ» አለች።

ኦቦ ጃርሶ ሜዳ ቦታ አይተው አቆሙ። ሃዊ ወርዳ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈችና ወደ በሩ ተመለሰች። «እባካችሁ ማንም አይውረድ። እንደተቀመጣችሁ ልለካው ነው።»

«ይህች ደግሞ ማናት?» አለ አንዱ ባርኔጣ ያጠለቀ አስተማሪ። ሌላው መለሰለት። «ያ የአዲስ አበባው ያበላሸውን ልታቃና መጥታ ይሆናላ።»

ማምለጫው ይኸው ተከፈተላት። አዎ ብትል ጥፋቱ የሌለ ሰው ላይ ይቀራል፤ ምስጋናው ለእሷ ይሆናል። በመስተዋቱ ውስጥ አባቷን አየች። አቀርቅረው መሪውን ያያሉ።

«የአዲስ አበባ መካኒክ የለም» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።»

አዴ ወርቅቱ እሷን ትተው ኦቦ ጃርሶን አዩ። ሃዊ ተጨማሪ ሳትጠብቅ በጀርባዋ ሥሩ ገባች።

መለኪያዋን ካርዳኑ ላይ ለጠፈችው። መርፌው አልቆም አለ። ላይ ሰው ይንጠራራል፣ ያጉረመርማል፤ አንዱ በተነቃነቀ ቁጥር መርፌው አብሮ ይዋዥቃል። ድንገት መኪናው ከፊት ከፍ አለ። ዞር ስትል የአባቷ እግር ከጎማው አጠገብ ቆሟል፤ ቀጥሎ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ።

«ለምን ወረዱ አባዬ? የእርስዎም ክብደት ይቆጠራል።»

ሃዊ የሚያንገበግባትን ጥያቄ ከነመልሱ አቀረበችላቸው። «ስሜን ያልጠሩት እንዳልሰደብ ብለው ነው አይደል?»

ኦቦ ጃርሶ አቧራውን በጣታቸው ጫሩ። አዎ ቢሉ ይበቃት ነበር።

«አይደለም ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «አፍሬ ነው።»

ተነስተው ሄዱ። አመማት፤ ግን እሷም አሁን እውነቱን ተናግራ ስለነበር ሌላ መልስ ቢሰጧት አታምናቸውም ነበር። በሩ ተከፈተ፤ መኪናው ከፊት ዝቅ አለ። ከዚያ የአባቷን ድምፅ ከላይ ሰማችው።

«ሰማችሁ፣ ከሥር ያለችው ልጄ ናት። ሃዊ ትባላለች። መካኒኬ እሷ ናት፤ ነገም እሷው ናት የምትሠራው። እስክትጨርስ ማንም እንዳይነቃነቅ።»

መርፌው ቆመ። ሃዊ ቁጥሩን ለማንበብ ዓይኗን ሁለት ጊዜ በክንዷ ጠረገች። አራት ዲግሪ ያዳላል፤ ነገ ሽብልቁን በዚያው ልክ መለወጥ ነው። ጥፋቱ የእሷው ነበር።