የእርቁ ጉርሻ

ጥርሴን የማፋጨው እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ የሚያጡት ግን አማቴ ናቸው። አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ ነው። ባል እያለኝ ከባሌ እናት ጋር የምተኛበት ምክንያት ለሰው ሲነግሩት ደግ ነገር ነው፤ ሲኖሩት ግን ሌላ ነው። ጊዳ አያና ያለው የወላጆቼ ቤት ከተቃጠለ በኋላ በእንቅልፌ እየጮህኩ መነሳት ጀመርኩ። ሃርሜ፣ እናቴ ማለት ነው፣ እኔም እንደ ልጆቻቸው የምጠራቸው እንዲያ ነው፣ ‹‹ይህቺ ልጅ እናት አጠገቧ ትሁን›› ብለው ወደ አልጋቸው ወሰዱኝ። ባሌን ደረሳን ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኙት። ጩኸቱ ከጊዜ በኋላ ቀረ፤ እኔ ግን ከአልጋቸው አልወጣሁም።

ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በተገላገልኩ። ከክፉ አማት ጋር ተጣልቶ መውጣት ይቻላል። ሃርሜ ግን ሁሉን ባጣሁ ጊዜ የተቀበሉኝ ሴት ናቸው፤ የሰፈራችን የበከኒሳ ቀሴ ጎረቤት በሙሉ ‹‹ሐረግወይን ታድላ!›› ይላል። የት ሄድሽ፣ ምን በላሽ፣ ለምን ከሳሽ፣ ማን ደወለልሽ ይሉኛል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ። ቀን የነከስኩትን ሌሊት እፈጨዋለሁ መሰለኝ።

ሕመሙ ከጆሮዬ ጀምሮ ወደ መንጋጋዬ ወረደ። ሃርሜ ነጭ ሽንኩርት አስነከሱኝ፤ የወስፋት መድኃኒት አስዋጡኝ። አንዱ ክሊኒክ ደግሞ ጤነኛ የመንጋጋ ጥርሴን ነቀለልኝ። ጥርሱ ሄደ፣ ሕመሙ ግን አልሄደም። እንዴት እንደተናደድኩ! ኋላ አፌ ሁለት ጣት አላስገባ ሲል ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ጣቷን ጆሮዬ ሥር አድርጋ ‹‹ክፈቺ፣ ዝጊ›› አለችኝ። ቀጭ አለ።

‹‹ጥርስሽ ምንም አልሆነም፤ መገጣጠሚያው ነው። በእንቅልፍሽ ስለምታፋጪ ጡንቻው ደክሟል። ለስለስ ያለ ነገር ብይ። ቆሎ፣ ማስቲካ፣ ትልቅ ጉርሻ ይቅርብሽ›› አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?››

‹‹የለም›› አልኳት። ሃርሜ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

የሚያስጨንቀኝ ግን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበረ። ደረሳ ዲጋ ከተማ ያስተምራል፤ በየቀኑ በሚኒባስ ይመላለሳል። እዚያ አንድ ክፍል ቤት ተከራየና ቁልፉን ሰጠኝ። ‹‹ለሃርሜ አንቺ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት ታለቅሳለች፤ አንቺን ግን ትሰማሻለች›› አለኝ። እወደዋለሁ እንጂ ፈሪ ነው። እኔም ከሱ አልሻልኩም። ልናገር ስል ሃርሜ ‹‹ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ላብስልሽ?›› ይሉኛል፤ ቃሉ ተመልሶ ይገባል። ቁልፉን ጨብጬ ያቺን ክፍል አስባለሁ። የራሴ አልጋ፣ የራሴ ባል፣ የት ሄድሽ የሚለኝ የሌለበት በር። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሃርሜ የሐኪሟን ጥያቄ ይዘው ቤት ገቡ፤ ብዙ ቀንም አሰላሰሉት። ጥርሷን የምታፋጨው ቂም ብትይዝብኝ ነው ብለው ደመደሙ። ለኔ ምንም ሳይሉ ሽማግሌ ጠሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በግ ታርዷል፣ ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል፣ ደረሳ ጥግ ላይ ቆሟል። ሳንጣላ ልንታረቅ ነው።

መሃል የተቀመጡት ኦቦ አምባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹‹ኢንታላ ኮ፣ እናትሽ አስቀይሜያት ይሆናል ብላ ነው የጠራችን። ምን አጠፋችብሽ? ተናገሪ። ዛሬ የጠየቅሽውን ሁሉ ትፈጽማለች፤ እኛ ምስክር ነን።››

ሽማግሌ ፊት የተጠየቀ ነገር እምቢ አይባልም፤ እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አላገኝም። ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨበጥኩት።

‹‹ሃርሜ ምንም አላጠፉም›› አልኩ። ‹‹ግን አንድ ነገር…››

ቀጭ አለ። መንጋጋዬ ተያዘ፤ ጉንጬን ይዤ ቀረሁ።

‹‹ሰማችሁ? ምንም አላጠፉም አለች!›› ሃርሜ እያለቀሱ ከተቀመጡበት ተነሡ። ‹‹ተወችልኝ! ማሎ፣ እባካችሁ ውሃ አምጡልኝ፣ ላጉርሳት!››

እጃቸውን ታጠቡና ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለሉት። የጉርሻው ትልቅነት የፍቅራቸውን ያህል ነበር፤ የሐኪሟ ምክር በደስታ ብዛት ከነጭራሹ ጠፍቷቸዋል። በእጄ አፌን ባሳያቸውም አላዩኝም። የእርቅ ጉርሻ መመለስ ደግሞ እርቁን መመለስ ነው። ከፈትኩ። ገፉት። ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ተሰነጠቀ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ።

‹‹እሷም አለቀሰች!›› አሉ ሽማግሌዎቹ። እልል ተባለ።

አላምጬ አልጨርሰው፣ አልተፋው። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ሥጋውን ከአንዱ ጉንጬ ወደ ሌላው እገፋለሁ። ኦቦ አምባዬ ተነሥተው መረቁን። ‹‹ዋቃ ይባርካችሁ። ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ገበታ አይለያችሁ።›› ሁሉም አሜን አሉ።

ይሄኔ ደረሳ ከጥጉ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

‹‹እኔም ልናገር። ሃርሜ፣ ሳልነግርሽ ዲጋ ቤት ተከራይቼ ነበር። ሐረጌን ንገሪያት ብላት እስከ ዛሬ ቁልፉን ይዛ ዝም አለች። ለካ ከአንቺ መለየት አልፈለገችም! ዛሬ ገባኝ። ለአከራዩ እመልሰዋለሁ።››

ራሴን በኃይል ነቀነቅኩ። ሕመሙ መስሏቸው ‹‹ቀስ እያልሽ፣ ቀስ›› አሉኝ። አይሆንም ልል ብሞክር አፌ ሞልቶ የወጣው ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ደረሳ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ ያያሉ፣ ሃርሜ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሲጨበጥ ስለቆየ ሞቆ ነበር። ሰጠሁት።

በመጨረሻ ስውጠው ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ እየተሰናበቱ ነበር።

‹‹ሃርሜ›› አልኩ።

‹‹አቤት የኔ ልጅ!›› ፊታቸው እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ይዘዋል። ‹‹አንድ ብቻማ አይሆንም።››

አፌን የቻልኩትን ያህል ከፈትኩ።