ሳይቀመስ የወጣው ፊሌቶ

የሺዓለም የሰላጣውን ሎሚና ዘይት የቀዳችበትን ማንኪያ ከንፈሯ ጋ ካደረሰችው በኋላ ነው ጾም መሆኑ ትዝ ያላት። ደንግጣ መለሰችውና አማተበች።

«ልገድፍ ነበር እኮ! ሀኒፍዬ፣ ነይ ቅመሽልኝ።»

ሀኒፋ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም ሳቀች። «እኔስ ወላሂ ረመዳን ላይ አይደለሁ?»

ፒያሳ ባለችው በዚህች ጠባብ ወጥ ቤት ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ትቀምሳለች። ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙም ሽሮውንና ምስሩን እጃቸው ስለሚያውቀው ተቸግረው አያውቁም። የዛሬው ግን አዲስ ነው፤ አጥንቱ የወጣለት ነጭ የዓሣ ፊሌቶ ከትኩስ ሰላጣ ጋር። የሺዓለም አሠራሩን ከሬዲዮ ሰምታ፣ የቤቱን ባለቤት ጋሽ ወልደጊዮርጊስን ወር ሙሉ ለምና ያስፈቀደችው ነው።

«ሰው የለመደው ደረቅ ጥብስ ነው» ብሏት ነበር ጠዋት። «የመጀመሪያው ሳህን ከተመለሰ፣ ነገ ወደ ጥብሳችን።»

በሁዳዴ ዓሣ የሚበላ አለ፤ እሷ እስከ ፋሲካ አትነካም። በሚበላውም አትፈርድም።

ፊሌቶውን በጨርቅ አድርቃ ዱቄት ነሰነሰችበትና የጋለው ዘይት ላይ በቀስታ አስተኛችው። እንደ ጥብስ አላገላበጠችውም። ጠርዙ እስኪነጣ ጠብቃ አንዴ ብቻ ገለበጠችው። ሀኒፋ የተቀቀለውን ድንችና ፎሶሊያ ከነትኩሳቱ በሎሚ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ለወሰችው።

«ጨውስ የሺዬ?»

«ትንሽ አድርጊው። ጠረጴዛቸው ላይ አለላቸው።»

የመጀመሪያው ሳህን የወጣው ለእትዬ አሰፋች ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስኳር ስላለባቸው የንስሐ አባታቸው ሰዓት ሳይጠብቁ እንዲበሉ ፈቅደውላቸዋል። ምላሳቸውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል።

የሺዓለም በሩ ሥር ቆማ አዳመጠች። ሹካ ሳህን ሲነካ ተሰማት፤ ደግሞ ነካ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማች።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሳህኑን ይዞ ገባ። ድንቹ እንዳለ ነው። «አላልኩሽም?» አላት።

ከኋላው እትዬ አሰፋች ደረሱ። «አንተ! ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ጨው ቢያልቅ ሌላ ፍለጋ ዞር ከማለቴ ሳህኔን ትነጥቀኛለህ?»

«እትዬ፣ የተዉት መስሎኝ...»

«ምን እተዋለሁ? ዓሣውን ጨርሼዋለሁ፣ አይታይህም? አጥንት ሳልለቅም ዓሣ ስበላ ገና ዛሬ ነው። ድንቹ ነው ጨው የሚባል ያልነካው! ለመሆኑ ማን ነው የቀመሰው?»

«ማንም» አለች የሺዓለም አንገቷን ደፍታ። «ሁላችንም ጾመኞች ነን።»

እትዬ አሰፋች ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም ሳቁ ተጋባበት።

«በቃ፣ ምግቡ ይቀጥል» አለ። «ግን ከነገ ጀምሮ አንድ ማንኪያ ቅመሺ። እግዜር በአንድ ማንኪያ አይቆጣም።»

የሺዓለም ከጥጉ አንድ ዱካ አንሥታ በሽርጧ ጠረገችና ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ሰው ሳይገባ በፊት ነገ ብቅ ይበሉ። እዚህ ቁጭ ብለው ይቅመሱልን።»

«ለምን ነገ?» አሉ እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተቀመጡ። «ሁለተኛው ሳህን ሊወጣ አይደል እንዴ? አምጪው።»