የግራኟ አውራ ጣት

ማዳም ሉሲል ሰውን በትክክለኛ ስሙ የሚጠሩት ከሞተ ሦስት ሺህ ዓመት ካለፈው ብቻ ነበር። ደብሪቱን ማሪ ይሏታል። ማሪ ከእሷ በፊት በዚያ ቤት የሠራች፣ አግብታ ድሬዳዋ የገባች ሴት ናት፤ ስሟ ከሽርጡና ከኩሽናው ቁልፍ ጋር ለተተኪዋ ተላለፈ። ደብሪቱም አራት ዓመት ሙሉ ማሪ ሲሏት አቤት አለች።

ማዳም በግብፅ፣ ከናይል በስተ ምዕራብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መቃብር የቆፈሩ ሴት ናቸው። ወጣት ሳሉ “ሴት ቁፋሮ አትመራም” ሲሏቸው ድንኳናቸውን መቃብሩ በር ላይ ተክለው አልነሣም ብለዋል። ጠላቶቹ ስሙን በመሮ ከግድግዳ የፋቁበት አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ሦስት ዓመት አጎንብሰው፣ ከመሮው ጠባሳ ሥር ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅመው ስሙን መለሱለት። አሁን ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል። ባላቸው በሞቱባት በጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ የመጨረሻ መጽሐፋቸውን በአጉሊ መነጽር ይጽፋሉ። ዓይናቸው ሲደክም የምታነብላቸው ደብሪቱ ናት፤ ፈረንሳይኛ ማንበብ ያስተማሯትም ለዚሁ ነው።

መጽሐፉ አንድ ሙግት አለው። ማዳም ሁለት መቃብሮች በአንድ ዘመን ተሠሩ ይላሉ፤ ባልደረቦቻቸው መቶ ዓመት ይለያያቸዋል ብለው ይስቁባቸዋል። ከሁለቱም የእንስራ ስባሪ ወጥቷል። ስባሪው እዚያው ግብፅ ቀርቶ፣ እሳቸው ዘንድ ያለው በስባሪው የውስጥ ገጽ ላይ ፈሶ የደረቀ ጄሶ ነው። በጄሶው ላይ የስባሪው ጎድጓዳ ጉብታ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል።

በፈረንጆቹ 2011 ሐምሌ፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ መስኮቱን አሸዋ ሲያለብሰው፣ ደብሪቱ የዳቦ ሊጥ ታሽ ነበር። ማዳም ጄሶዎቹን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል።

“ማሪ፣ ዱቄቱን አታብኝባቸው።”

ደብሪቱ ግን ጉብታዎቹን እያየች ነበር። እናቷ አበሩ እንስራ ስትሠራ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች፤ ግራኝ ስለነበረች የጣቷ ፋና ከጎረቤቶቿ ሁሉ በተቃራኒ ያዘነብላል። ደብሪቱ ጉርሻ የምታህል ሊጥ ቆርጣ ጄሶው ላይ ጫነች። ስታነሣው ሊጡ ላይ ጉድጓድ ቀረ። ቀኝ አውራ ጣቷን አስገባች፤ እምቢ አለ። ግራውን አስገባች፤ ግጥም አለ። የሁለተኛውንም መቃብር ጄሶ እንዲሁ አደረገች። በሁለቱም ሊጥ ላይ፣ ጥፍሩ ባረፈበት ቦታ፣ አንዲት ቀጭን መስመር አለች።

“ግራኝ ናት። ጥፍሯም ተሰንጥቋል። ሁለቱንም የሠራቻቸው እሷ ናት።”

ማዳም ሊጡን በአጉሊ መነጽር ብዙ አዩት። “ሸክላ ሠሪዎቹ ወንዶች ነበሩ” አሉ በመጨረሻ።

“ይሁን። እኛ ዘንድ ግን ሴት ናት።”

“እናንተ ዘንድ የት?”

ደብሪቱ ወደ ሊጧ ተመለሰች። በሰፈሯ የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡዳ ትባላለች፤ ከእጇ አይበላም። እዚህ ከተማ ይህን የምታውቀው የልጅነት ጓደኛዋ ትርሲት ብቻ ናት። ዓርብ ዓርብ የቤት ሠራተኞቹ ኢትዮጵያውያን ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር፣ ትርሲት ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ወጡን የምትሠራላቸው ደብሪቱ ናት።

በሳምንቱ ማዳም የጻፉትን እንድታነብላቸው ሰጧት። አነበበች፦ “ይህን ያስተዋለችው የቤት ሠራተኛዬ ማሪ ናት።” ወረቀቱን አስቀመጠች።

“ማሪ ድሬዳዋ ናት። ምንም አላስተዋለችም።”

“ምን ልዩነት አለው?”

“ለጸሐፊው ሦስት ዓመት ያጎነበሱት ለምን ነበር?”

“እሱን ጠላቶቹ ፋቁት።”

“እኔን ደግሞ እርስዎ።”

ማዳም ፊታቸው ቀላ። “መጽሐፉ የእኔ ነው፣ ማሪ። ሻይ አምጪልኝ።”

ሻይ አልመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሪቱ ቤቱን ጠረገች፣ ምግቡን አቀረበች፤ ማሪ ለሚል ጥሪ ግን አፏን አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ማዳም መነጽራቸው ጠፍቶ ተጣሩ። እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ መነጽሩን ይዛ ቆማለች።

“ማሪ!”

“ድሬዳዋ ድረስ አይሰማም፣ ማዳም።”

“ባሰናብትሽስ?”

“ያሰናብቱኝ። ጣቷ የታተመበትን፣ ያደረቅኩትን ሊጥ ይዤ እሄዳለሁ።”

ዓርብ ለትርሲት ነገረቻት። ትርሲት ሽንኩርቱን ትታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ደብሬ፣ ስምሽ ይጻፍ፣ ደግ። ከየት እንዳወቅሽው ሲጠይቁሽስ? እዚህ የሚመጡት ሲሰሙ ማን ከድስትሽ ይበላል?”

“የራበው።”

“አንቺ እንደቀለድሽ ትሞቻለሽ።”

በማግስቱ ጠዋት ከሳሎን አንድ የተሰባበረ ድምፅ መጣ። “ደ… ብሪ… ቱ።”

“አቤት፣ ማዳም።”

“ከየት እንዳወቅሽው ካልጻፍኩ አያምኑኝም።” ማዳም ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩዋትም። “ካልፈለግሽ እተወዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ስቀውብኛል፤ ጥቂት ቢጨምሩ አልሞትም።”

ደብሪቱ እጇን በሽርጧ አደረቀች። ሽርጡ የማሪ ነበር።

“ይጻፉ። ደብሪቱ አበሩ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ።”

“ፓስፖርትሽ ዋለልኝ ይላል።”

“ዋለልኝ አባቴ ነው። እሱ እንስራ አልሠራም።”

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ደብሪቱ ዓርብ ዕለት ወጡን ሠርታ ስትጨርስ ከድስቱ ጎን ዘረጋችውና ስሟና የእናቷ ሙያ ያለበትን መስመር መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ አነበበች። አንዲቱ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። ከውጭ “ስንቱን በላን” የሚል ተሰማ።

“ስድስት ዓመት በላችሁ፤ ተስማምቷችሁ ወፍራችኋል” አለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ግን በሩን አልፎ እንዲሰማ አድርጋ።

ትርሲት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሰሃኗን ዘረጋች። የቀሩት አራቱ ገና እርስ በርስ እየተያዩ ነው። ደብሪቱ ለትርሲት ጨለፈች፣ ለራሷም ጨለፈች፣ የድስቱን ክዳን ሳትመልስ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።