የሐሴት ትንፋሽ

ሐሴት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሚት ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው፣ የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ከፍ ያለው የብቻ ዜማ የእሷ ነበር። ስትዘምር አባቷ አቶ ላጲሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሟታል።

ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መጀመሪያ ያቀመሰቻት የክፍል ጓደኛዋ ዊንታ ናት፤ ሲኤምሲ በሚማሩበት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ።

«ሲጋራ እኮ አይደለም፤ ሽታው ራሱ ማንጎ ነው። ሞክሪው በቃ!»

ሐሴት ዊንታን በጣም ትወዳት ስለነበር እምቢ ማለት አልሆነላትም። ስትስበው ትን አላት፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። በሦስተኛው ወር ግን የራሷ ቬፕ ነበራት፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ እጇ ትራሷ ሥር ያስሰው ጀመር። ካጣችው ቀኑን ሙሉ ትነጫነጫለች፤ ሳልም ጀመራት።

የመዘምራኑ ዓመታዊ በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ያንን ረጅም የብቻ ዜማዋን ጀመረችና መሐል ላይ ትንፋሿ ከዳት። ደገመችው። አሁንም ተቆረጠ፤ ደረቷም ሲር ሲር አለ።

«ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አለቻት የመዘምራኑ መሪ ሙሉአለም።

«አዎ፣ ጉንፋን ነው።»

በዚያው ቀን የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ደግፋ ቆመች። አባቷ አዩዋት። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰዷት። ሐኪሟ አባትየውን ውጭ እንዲጠብቁ ለመነቻቸውና ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ሐሴት ሁሉንም ተናገረች።

«የአየር ቧንቧሽ ተቆጥቷል» አለቻት ሐኪሟ። «ማንጎ ማንጎ ቢልም ውስጡ ኒኮቲን አለው፤ በእናንተ ዕድሜ ደግሞ ቶሎ ሱስ ያስይዛል። ካቆምሽ ትንፋሽሽ እየተሻለው ይሄዳል። መቼ እንደ ድሮው እንደሚሆን ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ለአባቷ ነገረቻቸው። እሳቸው ሞተሩን ሳያስነሱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታዝንብኝ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ያዘንኩትስ በራሴ ነው። አጠገቤ ስትስዪ እየሰማሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።»

ቬፑን ከቦርሳዋ አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ራሷን ያማታል፣ በትንሽ ነገር ታለቅሳለች። ዊንታ «ተለወጥሽብኝ» አለቻትና ከሌሎች ልጆች ጋር መቀመጥ ጀመረች።

በበዓሉ ዕለት የብቻውን ዜማ በእሷ ፋንታ የዘመረችው ሌላዋ የመዘምራኑ አባል ሰብሊ ናት። ሐሴት ከምእመናኑ መሐል አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ሰብሊ አሳምራ ዘመረች። ሐሴትን የናፈቃት መድረኩም ጭብጨባውም አይደለም፤ ረጅሙ ዜማ ሊያልቅ ሲል ደረቷ ውስጥ ይሰማት የነበረው ስፋት ነው። ቢያሳፍራትም በዚያችው ቅጽበት ቬፑም አማራት፤ ዊንታም ናፈቀቻት። ይህንኑ ለአባቷ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም እጇን ይዘው እስከ መጨረሻው አልለቀቋትም።

ከአራት ወር በኋላ ሳሉ ለቀቃትና ወደ መዘምራኑ ተመለሰች። የምትቆመው የኋላው ረድፍ ላይ ነው።

«የድሮ ቦታሽን እንሞክረው?» አለቻት ሙሉአለም።

«ገና ነኝ።»

ሰብሊ ስትጀምር ሐሴትም ሳንባዋን በአየር ትሞላና ድምፅ ሳታሰማ ቀስ እያለች ታወጣዋለች። ሰብሊ ሳትጨርስ የእሷ ትንፋሽ ያልቃል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጥቂት ረዘም አለ።