ልጓም የለውም

የሞተ ሰው ቆሎ አይበላም። ይህን ለማወቅ ቄስ መጠየቅ አያሻኝም፤ ሦስት ልጅ ቀብሬአለሁ፣ አንዳቸውም ተመልሰው ራት አልጠየቁኝም። ያም ሆኖ ባለፈው ታኅሣሥ ለልጄ ለዋለ አሥራ አንድ ቀን ቆሎ አስቀመጥሁለት። አሥራ አንዱንም ቀን ተበልቶ አገኘሁት።

ነገሩ ከሞተሩ ይጀምራል። ዋለ የሞተበት ሞተር ሳይክል የሚቆመው ዱሮ የአባቱ፣ የባሌ የንጉሡ፣ ፈረስ ይታሰርበት በነበረው ጋጥ ነው። በለቅሶው ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ በአልቃሹ መሀል መዞር ነበረበት። ዋለ ደግሞ ከሞተር በቀር ፈረስ የለውም። ስለዚህ ባሌ ለጥምቀት ፈረሱን ያለብሰው የነበረውን ግላስ፣ ያን በቀይ ክር የተጠለፈውን፣ ለሞተሩ አለበስሁና ሁለት ጎረምሶች እየገፉ አዞሩት። የሳቀ ሰው አላየሁም። ቢስቅ ኖሮ እንዴት እንደሚለቀስ አሳየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ግላሱን ለብሶ ቆሟል። በነቢያት ጾም ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ኪዳን አደርሳለሁ፤ ስመለስ የጋጡን በር ከፍቼ "እንደምን አደርህ" እላለሁ። ለሞተሩ አይደለም እንግዲህ።

አንድ ጠዋት እጄን በግላሱ ሥር አስገብቼ ብረቱን ብነካው፣ ትኩስ ነው።

ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ የዶሮዎቹ ውኃ ረግቷል። በታኅሣሥ መካነ ሰላም ላይ ብረት ቀርቶ ሰውም አይሞቅም። ይኼ ግን እንደ ተጋለበ ፈረስ ጎን ይግላል፤ ከሆዱም ጥክ፣ ጥክ የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው መስሎ። ግርግሙ ላይ ተቀመጥሁ። አልጮኽሁም። የሠፈሩ ሴት ሁሉ "በለጡ ጃጀች" ለማለት ሰበብ ነው የምትጠብቀው።

ማታውን አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ በሰሃን አድርጌ መቀመጫው ላይ አኖርሁ። ዋለ ኪሱ ቆሎ ሳይከት ከቤት አይወጣም ነበር። ጾም ስለሆነ ቆሎ ደግ ነው፤ ሙትም ቢሆን ልጄ አይገድፍም። ጠዋት ሰሃኑ ባዶ፣ ሞተሩ ትኩስ።

ለሉሊት አልነገርኋትም። የዋለ ልጅ ናት፤ እናቷ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"ምነው እማዬ፣ ሰሞኑን ፊትሽ በራ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"አንቺ ፊትሽን ታጠቢ" አልኋት። እውነቷን ግን ነበር። ልጇ መጥቶ እንደሚበላ ያወቀች እናት እንዴት ፊቷ አይበራ!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኪዳኑን ትቼ ላየው ቆረጥሁ። ጋጡ ጋ ስደርስ ግን ቀድሞኝ ወጥቷል። ግላሱ ተጣጥፎ ግርግሙ ላይ ተቀምጧል። በውርጩ ላይ የጎማ መስመር ወደ አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ይወርዳል። አውሮፕላን ካየ ዘመን አልፎታል፤ ጥምቀት ሲሆን ፈረስ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ሞተር የሚሽቀዳደምበት ነው። ዋለም ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ሚካኤል የወደቀው እዚያው ነው። በትሬን ይዤ መስመሩን ተከተልሁ።

ከሜዳው ጫፍ ሞተሩ ቆሟል። ከላዩ ላይ የዋለ ጥቁር ጃኬት፣ የዋለ ቀይ ሄልሜት።

"ዋለ!" አልሁ።

ዞረ። እኔ በለጡ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ሄልሜቱ ወለቀና ሹሩባ ወረደ።

"እማዬ?" አለች ሉሊት። በአንድ ጉንጯ ቆሎ ይዛለች።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የልጅ ልጄን በደህና ሳያት አዘንሁ።

ከጎኗ ደግሞ አህመዲን። ጋራዥ ያለው፣ የዋለ የልብ ጓደኛ፣ በዚያ ቀን ከዋለ ጋር ጎን ለጎን የተሽቀዳደመው። አገሩ ሁሉ "አህመዲን ገፍቶ ጣለው" አለ። እኔም አልሁ፤ እንዲያውም ቀድሜ ያልሁት እኔ ነኝ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ደጄ ቆመ። በእኛ አገር የተበደለው ሰው "ጣለው" እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመ። አላልሁም። በሬን ዘጋሁ።

"አንተ! አባቷን በልተህ ልጂቱ ቀረችህ?" በትሬን አነሣሁ።

"እማማ በለጡ፣ እኔን ይምቱኝ። እሷን ግን አሁን እንዳይነኳት፣ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ነው።"

"አትናገረኝ!"

"እሱን ተይው እማዬ" አለች ሉሊት ሞተሩን አጥፍታ። "እሱ ጋ የሄድሁት እኔ ነኝ። ገድለኸው ከሆነ እንዴት እንደገደልኸው አሳየኝ አልሁት። ዝም አለኝ። ዓመት ሙሉ ዝም። እንግዲያው መንዳቱን አስተምረኝና ለሚካኤል ተሽቀዳድሜ እንዴት እንደወደቀ ራሴ አገኘዋለሁ አልሁት። ደግሞ አንቺ ያወቅሽ መስሎኝ ነበር።"

"ምኑን?"

"ቆሎ ታስቀምጪልኝ የለ? በሆዷ መርቃኛለች አልሁ።"

"ታዲያ አገኘሽው?" አልኋት።

"ገና ነኝ። መነሣቱን እንኳ አልቻልሁም።"

ይኼ ደግሞ ሌላ ውርደት። ባሌ ንጉሡ ሲሞት ዋለን ፈረስ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ሴት ፈረስ አትገራም ያለውን ሁሉ አቧራ አስቅሜዋለሁ። የእኔ ዘር መነሣት አቃተው ሲባል ዝም ብዬ አልሰማም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና "አሳዩኝ" አልሁ።

አህመዲን እያፈረ ጀመረ። "ደረትሽን ወደ ፊት፣ የነዳጁ ቋት ላይ ጣይ። ክንድሽ አይድረቅ። ፍሪሲዮኑን፣ ያን በግራ እጅሽ ያለውን፣ በሁለት ጣት ያዢ። ጋዙን ትንሽ ስጪና እዚያው አቁሚው፣ አታስጩኺው። አሁን ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቂ... በቀስታ... መያዝ ሲጀምር ሞተሩ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ይሰማሻል። እዚያች ላይ ጠብቂ። ዓይንሽ ጎማው ላይ አይደለም፣ ከሜዳው መጨረሻ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ነው።"

ይኼስ የፈረስ ነገር ነው አልሁ በልቤ። ፈረስም ከመነሣቱ በፊት ኋላውን ዝቅ ያደርጋል፤ የቸኮለ እዚያች ላይ ይወድቃል።

አህመዲን ለመነሻ ምልክት ያነሣውን ጨርቅ ጣለ። ሞተሩ ዘለለ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሣ፤ ሉሊት መሪውን ወደ ደረቷ ሳበች፤ ሞተሩም ከመብረድ ይልቅ አበደ፣ ጎማው ይብስ ወደ ሰማይ ወጣ። በመጨረሻ ፍሪሲዮኑን ጨብጣ ነው የተረፈችው። ጎማው መሬቱን ሲመታው እግሬ ሥር ተሰማኝ።

"ለምን ትስቢያለሽ!" አህመዲን ራሱን ያዘ። "ጋዙ እኮ ያለው በእጅሽ አንጓ ነው! መሪውን ወደ አንቺ በሳብሽ ቁጥር አንጓሽ ይታጠፋል፣ አንጓሽ በታጠፈ ቁጥር ጋዝ ትጨምሪለታለሽ። ሲያመልጥሽ መልቀቅ ነው እንጂ መሳብ አይደለም። ልጓም የለውም!"

"አውቃለሁ! እጄ ነው እንቢ የሚለኝ። እማዬ በቅሎ ላይ ካስቀመጠችኝ ጀምሮ፣ ሲደነብርብሽ ሳቢው ስትለኝ ነው ያደግሁት።"

አህመዲን ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ያኔ አወቅሁ።

ያን የሚካኤል ዕለት የቆምሁት ከመነሻው አሥር እርምጃ ላይ ነበር። የዋለ ሞተር እንደ ደነበረ ፈረስ ሲዘል አየሁና ባለኝ ድምፅ ጮኽሁ። "ሳበው! ዋለ፣ ሳበው!" ድምፄ መካነ ሰላም ሲጮኽ ሩቁ አቀስታ ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል። ሞተሩ ተገልብጦ ላዩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የሚያቃጥለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምነው ቢሰማኝ፣ ምነው ድምፄን የሞተሩ ጩኸት ባይውጠው እያልሁ ሦስት ዓመት አለቀስሁ።

ሰምቶኝ ኖሯል። ልጄ እናቱን ሰምቶ ሳበው።

"አንተ ሰምተሃል" አልሁት አህመዲንን። "ከጎኑ ነበርህ። የጮኽሁትን ሰምተሃል።"

መሬት መሬት አየ። "እማማ፣ ያለፈ ነገር ነው።"

"ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ድንጋዩን ምን ብለህ ተሸከምኸው?"

"ምን ልበል? ልጇን ለቀበረች እናት 'እርስዎ ነዎት' ይባላል እንዴ? ወላሂ፣ ድንጋዩ ይሻላል።"

ሉሊት ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አየች። "ምንድን ነው የሰማው?"

መዋሸት እችል ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይይዘኛል? ግን ልጂቱ ያንን እጇን ይዛ ለሚካኤል ልትሽቀዳደም ነው፤ እጇ ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

"አባትሽን የጣለው አህመዲን አይደለም" አልኋት። "'ሳበው' ብዬ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ሰማኝና ሳበው። አሁን አንቺ እንደሳብሽው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሄልሜቱን አጠለቀችና ሞተሩን አስነሣች። አህመዲን "ቆዪ፣ ሳትረጋጊ አትንጂ" ቢላትም አልሰማችውም። ጨርቅ የሚጥልላት ሳትጠብቅ ወጣች።

የፊት ጎማው ተነሣ። ክንዷ ሊታጠፍ ሲል አየሁ። አፌ ላይ ያው የዱሮው ቃል መጣ፤ ሰባ ዓመት ምላሴ ላይ የኖረ ቃል ነው። ነክሼ አስቀረሁት።

"ልቀቂ! ሉሊት፣ ልቀቂው!"

ክንዷ ላላ። ጎማው ጭድ ላይ እንደሚወድቅ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ከዚያ ደረቷን ጣለች፣ ማርሹን ቀየረች፣ ደገመች፤ ቀዩ ሄልሜት እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ባሕር ዛፉ ጋ ደረሰ። ዋለ ያልደረሰበት ባሕር ዛፍ።

እሷ እስክትመለስ ድንጋይ መረጥሁ። ትንሽ አልመረጥሁም፤ የሚሳቅበት ነገር አልወድም። ማጅራቴ ላይ ጭኜ አህመዲን ፊት ቆምሁ።

"ኧረ እማማ! ኧረ በአላህ! ምን ነካዎት? ያውርዱት!"

"እንደሱ አይባልም። ወጉን ታውቃለህ።"

"የልጅዎ እኩያ ነኝ እኮ!"

"እሱንማ አውቃለሁ። ይልቅ ተናገር፣ አንገቴ ሊሰበር ነው። ወይስ እንደ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ልታቆመኝ ነው?"

"ይጣሉት" አለ። "ይጣሉት፣ እማማ።"

ጣልሁት። ሉሊት ተመልሳ፣ ሞተሩ ላይ እንዳለች፣ ድንጋዩንም እኔንም አየች። ከኪሷ የቀረውን ቆሎ አወጣችና ግማሹን መዳፌ ላይ ገለበጠችው። እስካሁን ስለዚያ ነገር ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ቆሎውን ግን አብረን ቆረጠምነው።

አሁንም ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። እኔም ጋጡ ገብቼ ብረቱን አልነካም፤ ማን እንዳሞቀው አውቃለሁ። ኪዳን ላይ ቆሜ የሞተሩ ድምፅ ከሜዳው ሲመጣ ግን ጸሎቱን አቋርጬ "ልቀቅ፣ ልጄ፣ ልቀቅ" እላለሁ፣ በሹክሹክታ። አጠገቤ የሚቆሙት ሴቶች ጃጀች ይላሉ። ይበሉ። ያን ዕለት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሰማኝ ልጅ፣ በሹክሹክታም ይሰማኝ ይሆናል።