ለሽያጭ ነው፣ አይቀመጡበት

ሰፈሩ «ጋሽ ዙፋን» የሚለው ሰውዬ ወንበር ሠሪ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት፣ ስለ ወንበር ማውራት ሲጀምር ንጉሥ ሊያነግሥ የተነሣ ስለሚመስል ነው። እንጨቱን ይጠርባል፣ ሱስታውን ይገጥማል፣ ስፖንጁን ይሞላል። ጨርቁን የምትሰፋው ሚስቱ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ግን አፉን ሞልቶ «እኔ የሠራሁት» ይላል። እሷም እየሰማች መርፌዋን ትስባለች።

ሱቁ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ ሕግ አለ። «ለሽያጭ ነው፣ አይቀመጡበት።» ሕጉ ለማንም አያዳላም። ስለዚህ ቤቱን ወንበር አጨናንቆት ሳለ፣ ሚስትየው ዕድሜ ልኳን የሰፋችው የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ ነው።

አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ተነሣችና «ሰኞ ወንድሜ ጋ ሥራ እጀምራለሁ» አለችው። ወንድሟ መጋረጃ ሰፊ ነው።

«እዚህ ምን ጎደለሽ?»

«እዚያ ወንበር አለ። ጎማ ያለው።»

«ጎማ ያለውም ወንበር ተባለና!» ብሎ አፌዘ። አትሂጂ ማለት ፈልጎ ነበር። ደረቅ ስለሆነ ዋጠው እንጂ ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶለት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤት ይዟት ሄደ። ፍቅር ጠንቶበት እንዳይመስላችሁ። ፊልም ሠሪዎች ቀይ የከፋይ ጨርቅ የለበሰ አንድ ወንበሩን ተከራይተው መልሰውለት ስለነበር፣ ወንበሩ ሲተውን ለማየት ቸኩሎ ነው።

ፊልሙ ሚስቱ ስለሞተችበት ሽማግሌ ነበር። ወንበሩ ገና ብቅ ሲል ጋሽ ዙፋን ሚስቱን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። «የኔ ነው!»

«አየሁት፣ አየሁት።»

የሽማግሌው ልጅ አምፖል ሊቀይር ከነጫማው ወንበሩ ላይ ሲወጣ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ውረድ አንተ! ከፋይ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ «አባባ፣ አይሰማዎትም» አለው። ሚስቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ደግነቱ ሽማግሌው ራሱ ልጁን አስወረደው። እንግዳ ሲመጣም «እዚያ ላይ እንዳትቀመጡ» ይል ጀመር። ጋሽ ዙፋን ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ይኼ ነው ሰው! የዕቃ ዋጋ የገባው!

ኋላ ላይ አንዲት ጎረቤቱ ደክሟት ልትቀመጥ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዛት። «ይቅርታ» አላት፣ «የሷ ቦታ ነው። እዚህ ተቀምጣ ነው ስትሰማኝ የኖረችው።» ጎረቤትየዋ ስትሄድ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ የዋለበትን ያወራለት ጀመር።

ጋሽ ዙፋን ያን ጊዜ ገባው። ነገሩ ለካ ስለ ከፋዩ አልነበረም! ሰኞ እሷ ብትሄድ እሱ ለየትኛው ወንበር ሊያወራ ነው? ሱቁን በሐሳቡ ዞረው። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ የሷ ቦታ የሚባል ግን አንድም የለም። ያለው ጣሳው ብቻ ነው። ለቀለም ጣሳ ውሎውን ሲተርክ ታየውና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ደንግጣ።

«ጣሳው!»

«አባባ፣» አለ የኋላው ሰውዬ፣ «ፊልሙ ላይ ጣሳ የለም እኮ!»

ከሲኒማ ቤት እንደወጡ በቀጥታ ወደ ሱቅ ወሰዳት። ማስታወቂያውን ከግድግዳው ገነጠለ። ቀዩን ወንበር እየጎተተ አምጥቶ ፊቷ አቆመውና «ተቀመጪ» አላት።

«ለሽያጭ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ያንቺ ነው። ስፌቱ ያንቺ፣ ድካሙ ያንቺ፣ እኔ የሠራሁት እያልኩ ስጎርር ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም። አመሰግናለሁ። በናትሽ አትሂጂብኝ።»

«ይኼን ሁሉ ያስባለህ ፊልሙ ነው?»

«ፊልሙ ነው።»

«ምነው ታዲያ ቀደም ብለህ ሲኒማ በገባህ!» አለችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወደ ግራ ተመቻቸች፣ ወደ ቀኝ ተመቻቸች።

«ይቆረቁራል» አለች።

«ምኑ?»

«ሱስታው ነዋ! እዚህ ጋ ወጥቷል። ለሰው ሁሉ ይኼን ነው የምትሸጥለት?»

ጋሽ ዙፋን ክው አለ። ሕጉ እሱንም ይጨምር ስለነበር፣ በሠራው ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። መዶሻውን አንሥቶ ተንበረከከ።

«በይ ተነሺ፣ ላስተካክለው።»

«አልነሣም» አለች፣ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ። «እንደተቀመጥኩ አስተካክለው። ስትጨርስ ለወንድሜ ደውልና ሰኞ እንደማልመጣ ንገረው። ለምን ካለህ፣ ወንበሯ ላይ ናት በለው።»